ጥያቄና መልስ፦ ገመዱን እንሻገር የሚል አጎት

ሃዋይ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ሰሞኑን ተጠራርታችሁ የጻፋችሁልኝ ነው የሚመስለው። ሁሉም ስለ ትልቁ ደሴት ነው፤ ባሕሩና እሳተ ገሞራው። በየተራ ልመልስ።

አክስቷ ጋ የምትሄድ አንባቢ፣ ፑናሉኡ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ጥቁር አሸዋ በጠርሙስ ትንሽ ይዤ ብመለስ ምን አለበት ትላለች።

አለበት። በሕግ ክልክል ነው። አሸዋው የተፈጠረው የጋለ ላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ቅልጥ ድንጋይ፣ ባሕር ሲነካ ፈንድቶ ደቅቆ ነው፤ ላቫው መምጣቱን ካቆመ የሚተካው የለም። ፎቶ አንሺና ተመለሺ።

በባዶ እግር ይኬዳል?

አይኬድም። ጥቁር አሸዋ ፀሐይ ሲመታው ይጠብሳል፣ የደረቀ ላቫ ደግሞ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል።

አንዲት እናት፦ ልጄ አስም አለበት፣ የእህቴ ቤት ኪላዌያ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ብዙም አይርቅም፣ ይጎዳው ይሆን?

ሊጎዳው ይችላል። ከእሳተ ገሞራው የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ሲቆይ ጭጋግ ይሠራል፤ እዚያ ቮግ ይሉታል። ዋናው ነገር የነፋሱ አቅጣጫ ነው። ተራራው ሥር ያለ ሰፈር ጥርት ብሎ ሲውል፣ በምዕራብ በኩል ያለችው ኮና ልትታፈን ትችላለች። ስለዚህ የእህትሽ ቤት ቅርበት ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። ከመሄዳችሁ በፊት ልጁን ለሐኪሙ አሳዪው፣ ሲብስበት ምን እንደምታደርጊ በጽሑፍ ተቀበዪ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ ሐኪሙን ሳታዪ ቲኬት አትቁረጪ። ኢንሄለሩም በእጅ ሻንጣ ይሁን።

ወጣቱ አንባቢ ደግሞ ጭንቅ ውስጥ ነው። አጎቱ ደሴቱ ላይ ብዙ ዓመት ኖረዋል። አደገኛውን ቦታ የሚከልለው ገመድ ለቱሪስት ነው፣ አልፈን ቀረብ ብለን እንይ ይላሉ። እምቢ እንዳይል ይሉኝታ ይዞታል።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው አልጋውንም ምግቡንም ተቀብሎ ከዚያ በኋላ አይሆንም ማለት ይከብደዋል። ግን እስቲ አስበው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኪላዌያ አናት ሲደረመስ የጉድጓዱ ወለል እስከ 500 ሜትር ሰመጠ፣ በዙሪያው ከነበረው የመኪና መንገድም የተወሰነው አብሮ ገባ። አጎትህ ድሮ የነዱበት አስፋልት ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓመት መኖር በየቀኑ የሚለዋወጥ ቦታ ላይ ዋስትና አይሆንም።

ባሕሩ ዳር ደግሞ ይብሳል። ላቫ ውቅያኖስ ሲገባ የሚሠራው አዲስ መሬት ከላይ ሲያዩት ጽኑ ነው፤ ከሥሩ ግን ልል ስብርባሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጨረሻ ቀን፣ ካሞኩና በሚባለው ቦታ፣ አምስት ሰው የሆነ ቤተሰብ በነጩ ገመድ ሥር ሹልክ ብሎ ወደ ገደሉ ገሰገሰ። የፓርኩ ጠባቂዎች ሮጠው መለሷቸው። 15 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቆመውበት የነበረው ገደል ባሕር ገባ! በዚያን ዕለት የፈረሰው መሬት 10 ሄክታር ገደማ ነው። በጀልባ ከሩቅ እናየዋለን ብትሉም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ከባሕሩ የፈነዳ ላቫ የጀልባ ጣሪያ በስቶ 23 ሰው አቁስሏል። እንፋሎቱም ቢሆን ሃይድሮክሎሪክ አሲድና የመስታወት ብናኝ አለበት።

አጎትህን መሟገት ካልቻልክ ዋሽ። «ጋሼ፣ እግሬን አሞኛል፣ ከመመልከቻው ሆነን እንይ» በላቸው። ጠዋት ስትነሣ ደግሞ የሃዋይ እሳተ ገሞራ ታዛቢ ጣቢያ የሚያወጣውን መግለጫ አንብብላቸው። በዲሴምበር 2024 የጀመረው የኪላዌያ ፍንዳታ ላቫውን ለሰዓታት እየረጨ ከዚያ ለቀናት ጸጥ ይል ስለነበር፣ ትናንት ያዩት ለዛሬ አይሠራም።

ጠዋት በኦክስጅን ጠልቄ፣ ማታ ማውና ኬያ አናት ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ልይ?

በመጀመሪያ የምትሸከመው ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ አየር ነው። ሁለተኛ፣ አይሆንም። ተራራው 4,207 ሜትር ነው፤ ከፍታው ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ከጠለቅክ በኋላ ሰውነትህ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። 24 ሰዓት ጠብቅ። የቀረውን ጠላቂ አስተማሪህን ጠይቅ።

ልጄን የባሕር ኤሊ ጀርባ ላይ አስቀምጬ ፎቶ ባነሣውስ?

ኧረ በእግዜር! እንስሳቱ በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ቢያንስ 3 ሜትር ራቅ በል። ዙም የተሠራው ለዚህ ነው።