የድሮ ሥዕሎቼን ልሰርዛቸው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ኮምፒዩተር ላይ እስላለሁ። ኢንተርኔት ላይ ካሉት የዲጂታል ሰዓሊዎች ማኅበረሰቦች የአንዱ አባል የሆንኩት ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያኔ ሥዕል ስለጥፍ ከማላውቀው አገር ሰው መጥቶ ይጽፍልኝ ነበር። አሁን ጭር ብሏል። ወዳጆቼ አንድ በአንድ ጠፉ። ስከፍተው የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥዕል ነው የሚበዛው። የድሮ ሥራዎቼን ሳይ ደግሞ አፍራለሁ። እጅ መሳል ስለማልችል ሰዉን ሁሉ እጁን ጋቢ ውስጥ ከትቼ ነበር የምስለው። ተማሪዎቼ ስሜን ፈልገው እንዳያገኙት እሰጋለሁ። የድሮዎቹን ልሰርዝ ወይስ አካውንቱን ጭራሽ ልዝጋው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ የምስል ሰው ነኝ፤ ነገሩ ከልቤ ነው የሚገባኝ።

መጀመሪያ ስለ ጭርታው። የትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነ አልጻፍሽም። እኔ የቆየሁት ዲቪያንትአርት ላይ ነው፤ ስለሱ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀመር የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን መልክ የሚያስውቡ ልጆች ሥራቸውን የሚለዋወጡበት ነበር። በኋላ ሰዓሊው፣ ፎቶ አንሺው፣ ገጣሚው ሁሉ ገባበት። በ2017 ዊክስ የተባለው ኩባንያ በ36 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2020 መልኩ ከላይ እስከ ታች ተቀየረ። በ2022 መጨረሻ ላይ ድሪምአፕ የሚባል የራሱን የኤአይ ሥዕል መሥሪያ አወጣ። ሥዕል ለኤአይ ማሠልጠኛ እንዳይወሰድ የሚጠይቅ ምልክት ነበረ፤ ግን ሰዓሊው ራሱ ካልመረጠው አይደረግም ተባለ። ብዙ ሰው ተቆጣ። ወዲያው ምልክቱ ለሁሉም ሥራ ከመነሻው እንዲደረግ ተወሰነ። በዚህ ሁሉ መሐል ሰዉ ወደ ኢንስታግራም፣ አርትስቴሽን ወደሚባለው ሌላ የሰዓሊዎች ድረ ገጽ ተበተነ። ያንቺ ሥዕል ስለቀዘቀዘ አይደለም የቀሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥዕሉን ስትሰርዢ ከሥሩ ያለው ጭውውትም አብሮ ይሄዳል። እኔ የማዝነው ለሱ ነው።

አንድ ጊዜ ባና የለበሰ የመንዝ እረኛ ስዬ ለጠፍኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ጻፈልኝ። ሸማኔ ነኝ አለኝ። «ይህ ልብስ ከምን ነው የሚሠራው? ትከሻው ላይ ክብደቱ አይታየኝም» ብሎ ጠየቀኝ። ባና ስለብስ ነው ያደግሁት፣ ግን አንድም ቀን እንደ ሰዓሊ አይቼው አላውቅም። አክስቴን ጠየቅኋት። የበጉ ጠጉር ተሸልቶ ሴቶች እንዴት እንደሚፈትሉት፣ ወንዱ እንዴት እንደሚሸምነው ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ዝናብ ሲመታው እንዴት እንደሚከብድም እንዲሁ። የራሷን ባና አውጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ለካ ወፍራም ስለሆነ እንደ ነጠላ ቀጫጭን እጥፋት አያወጣም፤ በሰፊው ነው የሚወድቀው። የነገረችኝን ለሰውየው ጻፍኩለት፣ እሱም ስለ አገሩ በግ ጻፈልኝ። እረኛውን እንደገና ሳልኩት። ሁለቱ ሥዕሎች ዛሬም ጎን ለጎን አሉ። እንደኔ ከሆነ ከሁለተኛው ይልቅ የመጀመሪያው ነው የሚበልጠው፤ የአክስቴ ነገር ያለው ከሱ ሥር ነውና።

ያንቺም የጋቢ ሥዕሎች እንዲህ ያለ ነገር ይኖራቸዋል። ገብተሽ ኮሜንቶቹን አንብቢያቸው። ደግሞ በመንዝ ብርድ እጅ ጋቢ ውስጥ አይደል የሚውለው? ሥዕሉ አልዋሸም።

ተማሪዎችሽ ቢያገኙትስ? እኔ ብሆን ራሴ አሳያቸዋለሁ። ዛሬ ልጁ ስልኩ ላይ አይቢስ ፔይንት ጭኖ በጣቱ ይስላል። የሚያየው ግን የሌላውን ያለቀለት ሥራ ብቻ ነው፤ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። አስተማሪው እጅን ከጋቢ ለማውጣት ስንት ዓመት እንደለፋች ከመጀመሪያው ሥዕል ጀምሮ በተራ ቢያይ ይጠቅመዋል። «የድሮ» የሚል ፎልደር ክፈቺና እዚያ ሰብስቢያቸው። ለአዲስ ሰው የምታሳዪውን ከፊት አድርጊ።

ሳትዘገዪ ግን ሥዕሎችሽን በሙሉ መጠናቸው አውርጂ። የሠራሽባቸውን ፋይሎችም፣ የክሪታም የፎቶሾፕም ሆነ የሌላ መሣያ ፕሮግራም፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ሌላ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ። የምትወጃቸውን ጭውውቶችም ፎቶ አንስተሽ ያዢ። የኢንተርኔት ቤት የኪራይ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሊሸጠው ይችላል።

ኤአይን በሚመለከት፣ ዲቪያንትአርት ላይ ከሆንሽ የኤአይ ሥዕል ቀንሶ የሚያሳይ ማስተካከያ አለ፤ አብሪው። አትውሰዱ የሚለው ምልክት ግን ልመና ነው እንጂ አጥር አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግሌዝ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አላቸው፤ የሥዕልሽን አሣሣል ማሽን ልኮርጅ ሲል እንዲያስቸግረው ያደርጋል። ደካማ ኮምፒዩተር ላይ ጊዜ ይወስዳል፣ ማታ ለቀሽው ተኚ። ወደፊት የምትለጥፊውንም በትንሽ መጠን ለጥፊ፣ ትልቁ አንቺ ዘንድ ይቅር።

ወዳጆችሽን ደግሞ ዝም ብለሽ አትጠብቂያቸው። ብዙዎቹ ሲሄዱ አዲሱን አድራሻቸውን ገጻቸው ላይ ይተዋሉ። ፈልጊና ጻፊላቸው። «ቆንጆ ነው» ብቻ አትበዪ። የቱ ሥዕላቸው፣ የቱ ጥላ፣ የቱ ቀለም እስካሁን ትዝ እንደሚልሽ ንገሪያቸው። ለአዲስ ገቢውም እንደዚያው ጻፊ፤ ያ ሸማኔ ለእኔ እንዳደረገው ጥያቄ ጠይቂው። አዲስ ሥዕል ስትለጥፊ ለእኔም ላኪልኝ፤ እጆቹን ማየት እፈልጋለሁ።