መጀመሪያ ትከሻውን እዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት፤ ዛሬ ሱቅ ቁጭ ብዬም ሳስበው ዋልኩ። «ቁም ሳጥኑ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ብሏል፣ ጠዋት ግን የምለብሰው አጥቼ አለቅሳለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሦስት ወሬ ነው፤ ከ15 ቀን በኋላ ሥራ እገባለሁ። ምኑን ላውጣ? ስንት ልብስ ይበቃኛል? ጊዜ የማያልፍበትና ቀጭን የሚያሳየኝ ምን ልግዛ?» ነው ያልሽው። እኔ ጉለሌ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስፌት መኪናው ላይ ከተቀመጥኩ 22 ዓመቴ ነው። አብዛኛው ሥራዬ አዲስ መስፋት ሳይሆን ማጥበብ፣ መልቀቅና ማሳጠር ነው። ስለዚህ ሌሎቹ እህቶች ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በእጄ ያለፈውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት፣ አሁን ብዙ ነገር አትግዢ። ሦስት ወር ማለት ሰውነትሽ ገና ቦታው ያልተመለሰበት ጊዜ ነው። ሆድሽም ዳሌሽም ይለወጣል፤ ጡትሽማ እያጠባሽ ከሆነ ጠዋትና ማታ እንኳ አንድ አይደለም። ብዙ እናቶች በዚህ ጊዜ ሆድ ብሷቸው ይገዙና ከዓመት በኋላ ያንኑ ልብስ ለማጥበብ ይዘውልኝ ይመጣሉ።

ቁም ሳጥኑን በሙሉ አልጋ ላይ ገልብጪው ያሉሽ አሉ። ሕፃን ለያዘች ሴት ይሄ አይሆንም። ክምሩን ሳትጨርሺው ይመሻል፤ ማታ መተኛ ስታጪ መልሰሽ ታጭቂዋለሽ። በቀን አንድ ዓይነት ብቻ አውጪ፦ ዛሬ ሱሪ፣ ነገ ሸሚዝ፣ ከነገ ወዲያ ቀሚስ። ልጁ ሲተኛ የምታገኚው አርባ ደቂቃ ይበቃል። ግን በዓይን አትለዪው፤ እያንዳንዱን ልበሺው። መስታወት ፊት ቁሚ፣ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ልጅ እንደምታነሺ ሆነሽ ጎንበስ በዪ። ቆመሽ ያማረብሽ ስትቀመጪ ቁልፉ ከተወጠረ፣ ቢሮ ወንበር ላይ ስምንት ሰዓት አያስቀምጥሽም።

ስትለብሺው መጀመሪያ የምታዪው ትከሻውን ነው። የትከሻሽ አጥንት የሚያበቃበትን በጣትሽ ፈልጊው፤ እጅጌው ከትከሻው የተጋጠመበት ስፌት እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። ሆን ተብሎ ወርዶ የተሰፋ ካልሆነ በቀር፣ ሁለት ሦስት ጣት ወደ ክንድሽ የወረደ ወይም ወደ አንገትሽ የገባ ልብስ ያንቺ አይደለም፤ የቱንም ያህል ውድ ይሁን። ወገብ ይጠባል፣ ጉርድ ያጥራል፣ እጅጌም ያጥራል፤ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። የኮት ትከሻ ግን ገበሩን ከፍቶ፣ እጅጌውን ፈትቶ፣ ስፖንጁን አውጥቶ፣ ቆርጦ እንደገና መግጠም ነው። እኔን ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፤ የምትከፍዪውም ሌላ ኮት መግዣ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ቀጥሎ ልብሱን ገልብጪና ውስጡን እዪ። «ጠበበኝ» ብለሽ የምታወጪውን ሁሉ ሳታዪ አትስጪ። ጎኑ ላይ ከስፌቱ ወዲያ ትርፍ ጨርቅ ካለው ገና ዕድሜ አለው። ትርፉ በፊትም በኋላም ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ግማሹን ብንለቅ በሁለቱ ጎን በድምሩ አራት ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። አራት ሴንቲ ሜትር ደግሞ በዚህ ጊዜ ላንቺ ብዙ ነው። ያሁኑ ርካሽ የፋብሪካ ልብስ ከስፌቱ ሥር ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚዘጋው መኪና) ስለሚዘጋ የሚለቀቅ ነገር የለውም፤ ልብስ ሰፊ ያዘጋጀልሽና የድሮ ሰልባጅ ግን ብዙ ጊዜ አለው። አንድ ነገር ብቻ፦ ጨርቁ የደበዘዘ ከሆነ ሲለቀቅ የድሮው ስፌት መሥመር ጎልቶ ይወጣል። እሱን በብርሃን አዪው።

እንዲህ ስትለዪ ቦታውን የያዘው ምን እንደሆነ ራስሽ ታገኚዋለሽ። የሦስት ሠርግ የሚዜ ቀሚስ፣ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት በየዓመቱ፣ በቴሌግራም «ፍሪ ሳይዝ» ተብሎ የመጣ ሹራብ፣ ባዛር ላይ በቅናሽ ስለተገኘ ብቻ የተገዛ። ከቲሸርቱ አንዱን ለቤት አስቀሪ። የሚዜውን ቀሚስ ከልብ ካልወደድሽው አውጪው፤ ሙሽራዋ አትቀየምሽም።

ከባዱ ግን የበፊቱ ሰውነትሽ ልብስ ነው። እኔ የመጨረሻ ልጄን ከመውለዴ በፊት የለበስኩት አረንጓዴ ሱፍ ነበረኝ፤ ጨርቁን መርካቶ ራሴ መርጬ፣ ራሴ ቆርጬ የሰፋሁት። ከወለድኩ በኋላ ጉርዱ ከዳሌዬ በላይ አልወጣ አለ። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» እያልኩ 9 ዓመት ሰቀልኩት። ጠዋት ቁም ሳጥኑን ስከፍት ፊት ለፊት የማየው እሱን ነው፤ ባየሁት ቁጥርም ስለ ሆዴ እያሰብኩ ነው ከቤት የምወጣው። አንድ የክረምት ቅዳሜ አወረድኩት። የትከሻው አናት ብርሃን የመታው ቦታ ቢጫ ብሏል፤ ብብቱ ሥር ብል ሦስት ቦታ በልቶታል፤ ገበሩን ሳብ ሳደርገው እንደ ወረቀት ተቀደደ። ልብስ ተሰቅሎም ያረጃል እህቴ፤ ይሄን እያወቅኩት ነው እዚያ የተውኩት። ያን ዕለት ስፌቱን ፈታሁት፤ ደህና ደህናውን ጨርቅ አውጥቼ ለልጄ ጉርድ ሰፋሁላት፣ እሑድ እሑድ ትለብሰው ነበር። ቁም ሳጥኑን ስከፍት ደስ የሚለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ካሁን በፊት ይሆንሽ ከነበረው ውስጥ በጣም የምትወጃቸውን ሦስት ብቻ ምረጪ፤ አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ሻንጣ ውስጥ አስገቢ። ከቁም ሳጥኑ ግን ይውጡ። ጡት ካስጣልሽ ስድስት ወር በኋላ አውጥተሽ ለኪያቸው። ያኔም ካልሆኑሽ ይዘሻቸው ነይ፣ የሚለቀቀውን እንለቃለን፤ የማይለቀቀው ለሚሆናት ይሰጥ።

የሚወጣውን የት ላድርሰው አትበዪ። ሹራብና ካፖርት ደጋ አገር ያሉ ዘመዶች ይፈልጉታል። መቄዶንያም ንጹሕ ልብስ ይወስዳሉ። ሲሰጥ ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክቶ ይሰጥ፤ የምትቀበለዋም ሰው ናት። ያረጀውንና የተጎተተውን በር ላይ «ልዋጭ» እያለ ለሚያልፈው ስጪውና ጎድጓዳ ሳሕን ውሰጂበት።

ስንት ይበቃኛል ላልሽው፣ «ይህን ያህል ልብስ ይበቃል» እየተባለ ከውጭ አገር የሚመጣውን ቁጥር እርሺው። እዚያ ማሽን ውስጥ የገባው በሁለት ሰዓት ደርቆ ይወጣል። ባንቺ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ከሆነ፣ በሐምሌም አንድ ጂንስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ከዋለ፣ ሁለት ሱሪና ሦስት ሸሚዝ አያኖርሽም። ልብስ የምታጥቢው በስንት ቀኑ ነው? በሳምንት አንዴ ከሆነ አምስት ሸሚዝና አንድ ትርፍ ያስፈልግሻል፤ የምታጠቢ እናት ስለሆንሽ ደግሞ አንድ ጨምሪና ቢሮ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጪው። ከታች ሁለት ሱሪና ሁለት ጉርድ፣ አንድ ኮት፣ አንድ ስስ ሹራብ፣ አንድ ሙሉ ቀሚስ። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይበርዳል፣ 7 ሰዓት ላይ ደግሞ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ የሚደራረብ ሁለት ስስ ይሻላል። ከዚህ ግማሹ አሁንም ቁም ሳጥንሽ ውስጥ አለ ብዬ አስባለሁ።

ጊዜ የማያልፍበትን በተመለከተ፣ በነዚህ 22 ዓመታት ሱሪ እግሩ ሲሰፋ፣ ሲጠብ፣ ተመልሶ ሲሰፋ አይቻለሁ። ያልተለወጠው ከዳሌ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሱሪ፣ ከጉልበት ዝቅ ያለ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነው። እነዚህን ይዛ የመጣች ደንበኛ የምታሠራው ቁልፍና ጠርዝ ብቻ ነው።

«ቀጭን የሚያሳይ» የሚለውን ቃል ግን ባትዪው ደስ ይለኛል። ሁለት ልጅ የተሸከመ ሰውነት ነው፤ የሚያስፈልገው በልኩ የሚቀመጥለት ልብስ ነው። ያንን ካገኘ ያምራል፤ በየቀኑ የማየው ነው። ከሁሉ መጀመሪያ ጡት መያዣሽን ቀይሪ። የድሮው ልክሽ አሁን አይሆንም፤ እሱ ሳይስተካከል ከላይ ያለው ሸሚዝ ሁሉ ይሸበሸባል፣ ወገብሽም ይጠፋል። ሸሚዙ ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ይሁን፣ ለማጥባትም ለማለብም ያመቻል፤ ወተት ቢፈስ እንዳይታወቅ ሁለቱ ሦስቱ ጠቆር ያሉ ወይም ጥቃቅን አበባ ያለባቸው ይሁኑ። አንገቱ ዝቅ ብሎ ሾጠጥ ያለ ከሆነ ፊትና አንገት ረዘም ይላል። ጉርድሽ የሚያበቃው ባትሽ ከወፈረበት ላይ አይሁን፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ እግር ከሚቀጥንበት ላይ ያብቃ። ይቺ የሦስት ጣት ልዩነት ናት፣ ግን ጉርዱን ሌላ ጉርድ ታደርገዋለች። ሆድ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሳቢ ጨርቅ ተዪ፤ ከበድ ብሎ የሚወርድ፣ ገበር ያለው ይሁን። የሆድ መሸፈኛ ብለሽ ድንኳን የሚያክል ልብስም አትልበሺ፤ ያለውን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው።

ሰልባጅ ለመግዛት አትፈሪ፤ ጥሩ የሱፍ ኮት ያየሁት ከአዲሱ ይልቅ ቦንዳ ሲፈታ ነው። ብብቱን፣ የሱሪውን የእግር መሐል፣ ኪሱንና ዚፑን አዪ። ጨርቁን በጡጫሽ ጨምቀሽ ልቀቂው፤ ሱፍ ቶሎ ይመለሳል፣ ሊነን ግን እንደተጨማደደ ይቀራል። ጠርጥረሽ ከሆነ ከውስጥ ትርፉ ላይ አንድ ክር ምዘዢና ቤት ሄደሽ በክብሪት አቃጥዪው፤ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ቀለሙን ደግሞ በሱቁ መብራት አትመኚ፤ በር ላይ አውጥተሽ አገጭሽ ሥር ያዢው። ለብዙዎቻችን የቆዳችንን መልክ የሚመስል ፈዛዛ ቡኒ ፊት ያደክማል፤ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊና ንጹሕ ነጭ ያበራል።

የሀገር ልብስሽን ከሚወጣው ጋር አትደምሪው። እንዲያውም እናቶቻችን ሲለብሱ ያየሁት ነው እኔን ያስተማረኝ፤ አንዷን ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ፣ ለለቅሶ ጥለቷን ወደ ላይ አድርገው፣ ለሥራ ወገባቸው ላይ አስረው ይጠቀሙባታል። አንድ ደህና ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ፣ ጥበቡ ጠበብ ያለና ቀለሙ ረጋ ያለ፣ ለዓመታት ይበቃሻል፤ በየበዓሉ የሚወጣውን አዲስ ዲዛይን ማሳደድ የለብሽም። ብቻ አትስቀዪው። ፈትል ሲሰቀል በክብደቱ ይወርዳል፣ ጠርዙም ይዛባል። አጥፈሽ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዪው፤ ፌስታል ውስጥ ካስገባሽው ያምቃል፣ ቢጫም ይላል። ሲታጠብ በእጅ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

ለመጀመሪያዋ የሥራ ቀን፣ ካሉሽ ሱሪዎች ስፌቱ የማያስቸግረውን፣ ዳሌሽ ላይ በደንብ የሚያርፈውን አንዱን ምረጪና ወገቡን ብቻ አስለቅቂው፤ ወይም ከኋላ ሁለት ጣት ላስቲክ ይግባበት፣ ኮት ሲለበስበት አይታይም። ከላይ ጠቆር ያለ ባለ ቁልፍ ሸሚዝ፣ ከዚያ ኮቱ። በዋዜማው ሳይሆን ከሦስት ቀን በፊት ለብሰሽው ቤት ውስጥ ዋዪበት፣ ልጁንም አጥቢበት። የሚያስቸግርሽን ልብስ ገልብጠሽ የጎኑን ስፌት ከሜትር ጋር ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ላኪልኝ፤ ይለቀቅ አይለቀቅ አይቼ እነግርሻለሁ።