ቡናው ላስቲክ ላስቲክ ሲል

ጥያቄ፦ ከኮቪድ ከዳንኩ ሦስተኛ ወሬ ነው። አሁን ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ላስቲክ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ የበሰበሰ ነገር ይሸተኛል። የምሠራው ፒያሳ ነው፤ በየደጁ ጀበና ተጥዷል፣ ምሳ ቤት መግባት አቃተኝ። ልብሴ ሁሉ ሰፍቶኛል። ምን ልብላ?
(እህት ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህታችን፣ ችግሩ ያለው ከአፍንጫዎ እንጂ ከሆድዎ አይደለም። ቫይረሱ ሽታ የምንለይበትን የአፍንጫ ክፍል ይጎዳል፤ ነርቮቹ ሲያገግሙ መጀመሪያ ላይ ለአንጎል የሚያደርሱት ሽታ የተዛባ ነው። ብዙ ጊዜ ከበሽታው ሳምንታት ዘግይቶ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ክፉኛ የሚረብሹት የተቆላ፣ የተጠበሰና ሽንኩርት ያለበት ምግብ ናቸው፤ የኛ ማጀት ደግሞ ያለነዚህ አይሆንም። ስለዚህ ቤተሰብ «ትንሽ ቅመሺ፣ ይለቅሻል» እያለ ባያስጨንቅዎ ጥሩ ነው። ቡናውም ለጊዜው ውጭ ይቆላ።

ያልተቆላ ነገር፣ ያውም ቀዝቅዞ ይብሉ፤ ሽታውን ይዞ የሚወጣው እንፋሎቱ ነው። ለታማሚ የሚቀርቡት በሶና ሽሮ ተቆልተው የተፈጩ ስለሆኑ መጀመሪያ በትንሹ ይሞክሯቸው። እርጎ፣ አይብ፣ ቅቅል ድንች፣ ሩዝ፣ አቮካዶ ብዙ ሰው ይቀበላቸዋል። እንቁላል አንዳንዱን ያስጠላዋል።

ለእርስዎ የሚሻለው ግን ያለ ሽንኩርት የተሠራ አዚፋ ነው። አንድ ኩባያ ድፍን ምስር እስኪለሰልስ 30 ደቂቃ ያህል ይቀቅሉ፣ ያጥልሉና ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። አንድ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ ለውሰው 10 ደቂቃ ያቆዩ። በፈላ ውኃ ከለወሱት ኃይሉ አይወጣም፤ ትኩስ ምስር ላይ ካደረጉትም ይተናል። ምስሩን ግማሹን ብቻ ደፍጠጥ አድርገው ሰናፍጩን፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የተከተፈ ቃሪያና ጨው ይጨምሩ። የሰናፍጭና የቃሪያን ማቃጠል የሚያደርሰው ሌላ ነርቭ ስለሆነ ጣዕም ያገኙበታል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ለጾምም ይሆናል። በዕቃ ቋጥረው ቢሮ ይውሰዱት፤ ምሳ ቤት ከመጋፈጥ ይገላግልዎታል።

አፍንጫውንም ያለማምዱ፦ የሎሚ ልጣጭ፣ ቅርንፉድ፣ የታሸ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጽጌረዳ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን 20 ሰከንድ ያህል ቀስ ብለው ያሽትቱ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ የለም ብለው ይተዉታል፤ አይተዉት። በእነዚህ ፋንታ የሽታ ዘይት ቢጠቀሙ ግን አፍንጫ ውስጥ አይጨምሩ።

የከረመ ወጥን በማሽተት መለየት ስለማይችሉ፣ የተረፈውን ቶሎ ፍሪጅ ያስገቡ፤ ሌላ ሰውም ያሽትትልዎ።

ኪሎዎን በየሳምንቱ ይመዘኑ። ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ ያህል ከቀነሱ ሐኪም ይይዎት። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የማታ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካለብዎ ግን የክብደቱን መቀነስ በአፍንጫዎ ችግር ብቻ አያሳብቡ፤ በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ የቲቢ ምርመራ ያድርጉ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።