መልስ፦ ለዶርም ፒኤስ 4 የሚሆን ቲቪ

ለሐዋሳ ዶርም፣ ለፒኤስ 4፣ 24 ኢንች ይበቃል ወይስ 32 ላልከው፣ 24ቱን ያዝ። አልጋህ ላይ ሆነህ ከቅርብ ነው የምትጫወተው።

ካርቶኑ ላይ «ኤችዲ ሬዲ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ነው። «ፉል ኤችዲ» የሚለውን፣ 1920 በ1080ውን ፈልግ። ፊፋ ላይ ጥግ ላይ ያለው ሰዓትና ውጤት ጥርት ብሎ የሚታይህ በእሱ ነው።

ፒያሳ ስትወርድ ፒኤስህን ይዘህ ውረድ። እዚያው ሱቁ ውስጥ በኤችዲኤምአይ ሰካና ከቲቪው ሴቲንግ «ጌም ሞድ»ን፣ መዘግየት የሚቀንሰውን፣ አብራ። በተኑን ስትጫን ተጫዋቹ ዘግይቶ ከመታ፣ የፈለገውን ያህል ቢቀንሱልህ ተወው።

አንድ ነገር፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ የጓደኞቼ ቲቪ ሲቃጠል አይቻለሁ። ተራ ዲቫይደር አያድነውም። ስታብላይዘር ግዛ፤ መብራት ሲሄድም ወዲያው ንቀለው።