ፊርማው መጨረሻ ላይ ይነበባል

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ ጎተንበርግ ውስጥ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ 24 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የአበባ ማስቀመጫ አይተሻል። ወፍራም ብርጭቆ ነው፣ ውጩ ጥርት ያለ፣ ውስጡ ሰማያዊ። ፊርማ የለውም፣ ሻጩ ግን «ኦሬፎርስ ነው» ብሎ፣ የታወቀውን የስዊድን የብርጭቆ ፋብሪካ ማለቱ ነው፣ 450 ክሮነር ጠይቋል። ውስጡ ነጭ ጭጋግ አለበት። ልግዛው ወይ፣ ጭጋጉስ ይለቃል ወይ፣ ለጀማሪስ ከምን መጀመር ይሻላል ነው ያልሽው።

በ«ኦሬፎርስ ነው» ሒሳብ አትግዢው። ኦሬፎርስ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሠራውን ወፍራም የጥበብ ብርጭቆ ከሥሩ በእጅ ጽፎበት ነበር የሚያወጣው። ጽሑፍ የሌለው ቢገኝም ጥቂት ነው፤ ማስረዳት ያለበትም ሻጩ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ውስጡ ቀለም፣ ውጩ ጥርት ያለ ድርብ ብርጭቆ በስዊድን ትናንሽ ፋብሪካዎችም፣ በቼክም፣ በጣሊያን ሙራኖም በብዛት ተሠርቷል። ቅርጹን ከወደድሽውና ጭጋጉ የሚለቅ ዓይነት ከሆነ፣ ስም የሌለው ዕቃ በሚሸጥበት ዋጋ ውሰጂው።

ጀማሪ ሁሉ ዕቃውን ገልብጦ ፊርማ ፍለጋ ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ቢሆን ይሻላል፦ አፉ፣ ውስጡ፣ መቀመጫው፣ ከዚያ ፊርማው። ስሙን ያነበበ ዓይን ጉድለቱን ማየት አይፈልግም።

አፉን በጥፍር ዙሪያውን ሂጂበት፣ ከዚያ የተባዘተ ጥጥ አሳልፊበት። ዓይን የማያየውን ትንሽ ሽርፍራፊ ጥጡ ይይዘዋል። በእሳት የተጨረሰ ከንፈር ድቡልቡል ነው፣ ጣት ይንሸራተትበታል። ተሸርፎ በኋላ የተሞረደ ግን ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ጠርዙ ይሰማል፣ አንጸባራቂነቱም ከቀረው ገላ ጋር አይመሳሰልም። ፋብሪካው ራሱ ቆርጦ የወለወላቸው አፎች ስላሉ ግን ጠፍጣፋ ሁሉ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም። መለያው ቁመቱ ነው። የድሮ የፋብሪካ ካታሎጎች የሞዴል ቁጥርና ቁመት ይሰጣሉ። በእጅ የተነፋ ዕቃ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለዋወጥ ያለ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ከጎደለው ግን አንገቱ ተቆርጦ እንዳይሆን ጠርጥሪ። ሹል ጫፍ ያላቸውን በተለይ ተጠንቀቂ። የፊንላንዳዊው ንድፍ አውጪ የቲሞ ሳርፓኔቫ ኦርኪዴያ የተባለው ማስቀመጫ ዋናው ውበቱ ጫፉ ነው፣ ቀድሞ የሚጎዳውም እሱ ነው። የአገሩ ልጅ የታፒዮ ቪርካላ ካንታሬሊም ከንፈሩ ቀጭንና የተዘረጋ ስለሆነ ያልተሸረፈ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ወደ ጭጋጉ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ጭጋግ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከቧንቧ ውሃ የቀረ ኖራ ነው፤ ከላይ የተለጠፈ ስለሆነ ይነሣል። ሁለተኛው የብርጭቆው የራሱ ሕመም ነው። ውሃ ለወራት ሲከርምበት ከብርጭቆው ውስጥ ሶዳውና ፖታሹ እየሟሙ ይወጣሉ፣ ገጹም ይበላል። ይህ ቆሻሻ ስላልሆነ አይታጠብም። የሚያሳስተው ነገር ሁለቱም ሲረጥቡ መጥፋታቸው ነው። ስለዚህ ገና የታጠበ ወይም ውሃ የያዘ ዕቃ አይመረመርም። አንዳንድ ሻጭ ውስጡን በዘይት ያሸዋል፤ ዘይት እንደ ውሃ ጭጋጉን ይደብቃል፣ ግን አይተንም። ደረቅ ሶፍት አስገብተሽ ውስጡን ጥረጊና አሽትቺው፣ ቅባት ካለው ለሌላ ሰው ተይለት። ከዚያ የስልክሽን መብራት ከመቀመጫው በታች አድርገሽ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቺ። በውሃው መስመር ላይ እንደ ቀለበት ዞሮ በጣት የሚሻክር ከሆነ ኖራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ልስልስ ሆኖ እንደ እንፋሎት የተሰራጨ ከሆነ ሕመሙን ጠርጥሪ።

ቤት ከገባ በኋላ ኖራውን በኮምጣጤ ታስለቅቂዋለሽ። ስዊድን ሱቅ ያለው ኮምጣጤ (አቲካ) 12 በመቶ ወይም 24 በመቶ ነው። 12ቱን ከእኩል ውሃ ጋር፣ 24ቱን ከሦስት እጥፍ ውሃ ጋር ቀላቅይና ከጭጋጉ በላይ ሙዪው። 24 ሰዓት አቆይተሽ በለስላሳ የጠርሙስ ብሩሽ እሺው፣ በለብታ ውሃ አለቅልቂና ሁለት ቀን አድርቂው። ከቀነሰ ድገሚው። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ንክች ካላለ የታመመ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚያድነው ውስጡን በመወልወያ ዱቄት የሚያለሰልስ ባለሙያ ብቻ ነው፣ ክፍያው ደግሞ ከ450 ክሮነር ዕቃ በላይ ሊሆን ይችላል። አሸዋ ወይም ጠጠር ከትቶ መናጥ የባሰ ጭረት ያተርፋል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የሚል ምክር ከሰማሽ ጆሮሽን ድፈኚ፤ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ መርዝ ነው።

መቀመጫው ዕድሜ ይናገራል። ሃምሳና ስድሳ ዓመት ጠረጴዛ ላይ የተንቀሳቀሰ ዕቃ፣ መሬት በሚነካው ቀለበት ላይ ብቻ፣ በየአቅጣጫው የተበታተኑ ጥቃቅን ጭረቶች ይኖሩታል። ጭረቱ በአንድ አቅጣጫ የተሰለፈ ከሆነ፣ ወይም ጠረጴዛ የማይነካው ጎድጓዳ ቦታ ላይም ካለ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ነው። መሐል ላይ የሠራተኛው ዘንግ የተያያዘበት ጠባሳ ተሞርዶና ተወልውሎ ክብ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጠባሳው ግን በእጅ መሠራቱን እንጂ የት እንደተሠራ አይነግርሽም፤ ሙራኖም ዘንግ አለው።

አሁን ፊርማው። በአጉሊ መነጽር ስታዪው የዕድሜው ጭረቶች በፊደሎቹ ላይ አልፈው መሄድ አለባቸው። ፊደሉ የቆየውን ጭረት ቆርጦ የሚያልፍ ከሆነ ከጭረቱ በኋላ የተጻፈ ነው። ይህች አንዲት ነገር ከመቶ የፊርማ ፎቶ ትበልጣለች።

የኦሬፎርስ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ፊደልና ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ፊደል ንድፍ አውጪውን ያሳያል፦ ፒ ስቬን ፓልምክቪስት፣ ኤን ኒልስ ላንድበርግ፣ ዲ ኢንገቦርግ ሉንዲን። ሁለተኛው የሥራውን ዓይነት ነው፤ ዩ ማለት ያለ መቁረጥና ያለ መቅረጽ በምድጃው ላይ የተጨረሰ ነው። እንደ ግራልና አሪየል ያሉት የተለዩ ሥራዎች የቴክኒኩ ስም፣ ቁጥርና የንድፍ አውጪው ሙሉ ስም ይጻፍባቸዋል። በሌላው የስዊድን ፋብሪካ በኮስታ «ኤልኤች» የሚለው ጽሑፍ የንድፍ አውጪው የቪከ ሊንድስትራንድ የምድጃ ሥራ ማለት ነው። እሱ እዚያ የሠራው ከ1950 ጀምሮ ስለሆነ በዚህ ፊደል «የ1930ዎቹ ኮስታ» የሚልሽን አትቀበዪ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለጀማሪ የምመክረው ዓመታቸውን ራሳቸው የሚናገሩትን ነው። በስዊድኑ ፍሊግስፎርስ ፋብሪካ ፖል ሼዴልቭ ያወጣው ኮኪል፣ እንደ ዛጎል የተዘረጋ፣ ከቀለሙ ሥር ነጭ ያለው፣ ከሥሩ ስሙና የዓመቱ ሁለት አኃዝ ብዙ ጊዜ ተጽፎበታል። የዴንማርኩ ሆልመጎርድ በ1950ዎቹ የፔር ሉትከንን ሥራዎች ከስሙ ምሕጻር ጋር በዓመት ይፈርም ነበር። የፊንላንዱ ኑታያርቪም የካይ ፍራንክን ሥራ እንዲሁ፤ «ኖትሼ» የሚል ካየሽ የዚያው ፋብሪካ የስዊድንኛ ስሙ ነው። ሦስት አራት ዓመታቸው የታወቀ ዕቃ ቤትሽ ካለ ክብደቱን፣ የመቀመጫውን አወላወል፣ የቀለሙን ጥልቀት እጅሽ ይለምደዋል። ኮኪል ደግሞ በብዛት ስለተሠራ ዋጋው አያስደነግጥም።

በተቃራኒው ፊርማ አለመኖሩ የተለመደ የሆነበትም አለ። የፊንላንዱ የሪሂማኪ ፋብሪካ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በፎርማ የነፋቸው የታማራ አላዲን ባለ ቀለበት ማስቀመጫዎች አብዛኞቹ ያልተፈረሙ ናቸው። የሚለዩት በቅርጽና በካታሎግ ቁጥር ነው። እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ አዲስ የሚመስል ፊርማ ካየሽ እንዲያውም እሱ ነው የሚያጠራጥረው። ኦቶ ብራወር በ1962 ለሆልመጎርድ ያወጣው «ጉልቫዘ» የተባለው ባለ ረጅም አንገት ማስቀመጫም ብዙ ተኮርጇል። ከውስጡ ነጭ ኦፓል ንብርብር ያለው ከግልጹ ይወደዳል።

የፊንላንዳዊውን አርክቴክት የአልቫር አልቶን ማስቀመጫ ለብቻው ልለየው። ንድፉ የ1936 ነው፣ ዛሬም ግን በፊንላንዱ ኢታላ ይመረታል። ሎፒስ (ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ) ላይ «የ1930ዎቹ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የቅርብ ዘመን ነው። የጥንቶቹ በእንጨት ፎርማ ስለተነፉ ገጻቸው በቀስታ ይወዛወዛል፤ በ1950ዎቹ ፎርማው ወደ ብረት ሲቀየር ገጹም ጠራ። አዲሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ በአሮጌ ዋጋ አይገዛም ነው።

ዋጋ ስታጣሪ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከቺ። ትራዴራና አውክሾኔት በተባሉት የጨረታ ድረ ገጾች ላይ ያለፉ ጨረታዎች ውጤት ይገኛል። በጨረታ ቤት በመዶሻው ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽን እንደሚጨመር አትርሺ፤ ብዙ ቦታ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ነው።

አያያዙ ላይ፦ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ክልክል ነው። ሙቀቱና የሳሙናው አልካሊ ገጹን ለዘለዓለም ያነጡታል፣ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ክሪስታል ላይ ይብሳል። ወፍራም ብርጭቆ የሙቀት ለውጥ ይሰነጥቀዋል፣ ውጩ ሲሞቅ ውስጡ ስለማይደርስበት። በጥር ብርድ ከመኪና ያወጣሽውን ዕቃ ከነካርቶኑ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓታት አቆዪው እንጂ ወዲያው ውሃ አታስነኪው። ሳፋው ውስጥ ፎጣ አንጥፊ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቢ። የወረቀት ምልክት ካለው ያ ቦታ አይረጥብም። አበባ ማድረግ ካማረሽ ውስጡ ጠባብ ቱቦ ወይም ትንሽ ብርጭቆ አስገቢና ውሃውን እዚያ አድርጊ። ጥርት ያለ ወፍራም ብርጭቆ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አይቀመጥም፤ እንደ ሌንስ ጨረሩን ሰብስቦ መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ግን አስቀድመሽ መዝኚው፣ ወፍራሙ 24 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ብቻውን የእጅ ሻንጣውን ልክ ሊያጋምስ ይችላል። በፖስታ ከሆነ ውስጡን በወረቀት ሙዪው፣ አንገቱን ለብቻ ጠቅልዪና ከሆዱ እኩል እስኪሆን አወፍሪው። ከዚያ ካርቶን በካርቶን ውስጥ፣ በመካከላቸው በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ሙሌት አድርጊ። ካሸግሽው በኋላ ነቅንቂው፤ ድምፅ ከሰማሽ ፈትተሽ እንደገና አሽጊው።