ለዓመታት የቆመ ፊያት 682 ከመነሳቱ በፊት

ኮምቦልቻ ግቢዎ ውስጥ ለዓመታት የቆመው ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ሞተሩ ይውረድ ወይስ በቀጥታ ይነሳ ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ሁለቱንም አልመክርም። ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ከመምታትዎ በፊት ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አውልቀው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨምሩ፤ አሳድረውም ሞተሩን በእጅ ያዙሩት፤ ምክንያቱም የዛገ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በሞተሪኖ ጉልበት ሲገደድ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጭራል፣ ያን ጊዜ በዘይት ሊድን የነበረው ሞተር መውረዱ አይቀርም። ከዚያ የቆየውን ናፍጣ አፍስሰው ታንከሩን ይጠቡ፣ ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) ይቀይሩ፣ ከናፍጣ መስመሩም አየር ያስወጡ።

ኮምቦልቻ ላይ ያላስቸገረ ጥቁር ጭስ ደሴ ሲደርሱ ቢብስ የናፍጣ ፓምፑን ለማስፈታት አይቸኩሉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚያገኘው አየር ስስ በመሆኑ ናፍጣውን በሚገባ አያቃጥልም፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው። መኪናው በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን አቀበት መውጣት ቢችል እንኳ መመለሻው ረጅም ቁልቁለት ነውና፣ አራቱንም ታምቡሮች (የፍሬን ከበሮዎች) አስወልቀው የፍሬን ሸራውን ሳያዩ፣ ከፍሬኑ የአየር ጋን ውኃውን ሳያፈስሱና የደረቁትን ቱቦዎች ሳይቀይሩ ከግቢ አያውጡት፤ እኔም የአባቴን መኪና ሳድስ ብዙ ወር የፈጀብኝ ይኸው ሥራ ነበር።