ባዶውን መስመር በዜሮ አትሙሉት

ልጆቼ፣

ሥራ የጀመርኩት በዝናብ መለኪያ ንባብ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በመለኪያው ውስጥ ያደረውን ውሃ ለክቼ ቁጥሩን በመዝገብ አሰፍር ነበር። አንድ ክረምት ታምሜ አሥራ አንድ ቀን ቀረሁ። ስመለስ ባዶዎቹ መስመሮች አሳፈሩኝና ሁሉም ላይ ዜሮ ጻፍኩ። አለቃዬ መዝገቡን ገልጠው «ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው፤ አንተ ግን አልለካህም» አሉኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ይህን ያነሳሁት ስለ አየር ንብረት ፍትሕ ስለጠየቃችሁኝ ነው። ቁጣችሁ ቁጣዬ ነው። አፍሪካ በዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት ውስጥ ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ግን ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር ነው። በ2023 ሳይንቲስቶች የአየር ንብረት ለውጥ የዚያን ድርቅ የመከሰት ዕድል ቢያንስ መቶ እጥፍ እንዳሳደገው አስታወቁ። እንዲህ ያለ ድምዳሜ የሚቆመው በረጅም ዘመን የዝናብና የሙቀት መዝገብ ላይ ነው። መዝገብ በሌለበት ቀዬ ጉዳቱ አለ፤ ማስረጃው ግን ይሳሳል።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. በኮፐንሀገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የበለጸጉት አገሮች ለታዳጊ አገሮች የሚሰጡትን የአየር ንብረት ገንዘብ እስከ 2020 በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ። የተሟላው በ2022 ነው፤ ከመንግሥታት የመጣው አብዛኛው ደግሞ ብድር ነበር። ሌላው በለቀቀው ጋዝ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ተበድረህ ተካ ማለት ፍትሕ አይደለም። በባኩ፣ አዘርባጃን ጉባኤ ላይ በ2024 በየዓመቱ ይሰጣል የተባለውን 300 ቢሊዮን ዶላርም ስትሰሙ በቅድሚያ «ስጦታው ስንት ነው፣ ብድሩስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ትብብር ግን ከንቱ ነው አትበሉ። እኔ ያን ጠዋት የማነበው ዓይነት ቁጥር ድንበር ተሻግሮ ይላካል፣ የሌሎችም ወደ እኛ ይመጣል። የበለጸጉት አገሮች ትንበያ ያለ ድሆቹ መለኪያ ይጎድላል። እዚያ ውስጥ ለማኝና ሰጪ አላየሁም።

32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ከዚያ በፊት ወደየቀያችሁ ሂዱ። የትኛው ምንጭ በየትኛው ዓመት እንደደረቀ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ የነገሯችሁን በስሙና በቦታው ጻፉ። ያላስታወሱትን ዓመት ክፍት ተዉት።